የቡናማው ውሻ ጥፋት

ጥቅምት 9፣ እሑድ

«የሷ ነው» አለ እዝራ፣ በጣቱ ውሻዬን ይታያልን እያሳየ።

ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የሆነው ሁሉ ይቅር የሚባል ነበር። ካይዘር፣ የእዝራ ጀርመን ሼፐርድ ውሻ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ዘሎ፣ አንድ ዲያቆን ገፍትሮ ቤተልሔም ገባና አፍንጫው ዱቄት ለብሶ ወጣ። እዝራ ቤቱ ምን እንደሆነ እንኳ አላወቀም፤ ሳቀ። የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ነው ስለው ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ወዲያው ሰው ወጣ። ዱላ የያዘ፣ ድንጋይ ያነሣ፣ ነጠላውን ወገቡ ላይ የጠመጠመ። ሕፃን ያቀፈች አንዲት ሴት ከሁሉም በላይ ትጮህ ነበር። «የማን ነው ውሻው?» አሉ።

እሱም መለሰላቸው።

እኔ ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም። ሁሉም ይጮህ ነበር። ድንጋዩ የይታያልን የኋላ እግር ሲመታ የተሰማው ድምፅ ግን አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አልነከሰም፤ አላጉረመረመም። ጫጫታ ሲነሣ አጠገቤ ቁጭ እንዲል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቁጭ አለ።

እኔ ለቡድናችን የውሻ ጉዞ ያወጣሁት መንገድ በታች በኩል፣ በጅረቱ ዳር ነበር። ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሑድ ጠዋት ነው፣ ላይኛው መንገድ በሚካኤል ደጅ ያልፋል፣ ውሻ ተይዞ አይታለፍም። እዝራ ላይኛው ላይ ብርሃኑ ያምራል አለ። ለቪዲዮ። ለቪዲዮ ሲል የካይዘርን ማሰሪያ ፈታ።

መቀጠል አልችልም። ይታያል እያቃሰተ ነው።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ቢሮ ሆኜ። ወደ ውጭ የምንልከው የአበባ ጭነት ዘግይቷል፤ ኤርፖርት ያለ ሰው ሁሉ እኔ ላይ ይጮኻል። ስልኬን ደጋግሜ ያየሁት የአየር ሁኔታ ለማየት ነው። እዝራ አልደወለም።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

የእንስሳት ሐኪሙ አጥንቱ ተሰንጥቋል እንጂ አልተሰበረም ብሎ አሰረለት። «ዝርያው ምንድን ነው?» አለኝ። «ሀበሻ» አልኩት። «አሃ» አለ፣ ዘመድ እንደሞተብኝ ሁሉ። እንዲህ ያለ የተማረ ሰው ብዙ አይቻለሁ። የውሻ አጥንት ያክማል፤ አጥንቱ ከየት አገር እንደሆነ ግን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ጭራን የመሠረትነው ሦስት ሆነን ነው፤ እዝራ፣ ዲናና እኔ። ውሻ ያላቸውን ሰዎች በየአሥራ አምስት ቀኑ ሰብስቦ ከከተማ ማውጣት፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። እዝራ ፊቱን አዋጣ፤ ዲና ስልኳን አዋጣች፤ የቀረውን እኔ አዋጣሁ። ውሻ የሚጭን ሹፌር ማግኘት ምን እንደሆነ ከነሱ አንዱም አያውቅም። ሹፌሩ «ውሻ?» ብሎ ጆሮሽ ላይ ሲዘጋው መልሶ መደወል፤ ወንበሩን የሚያለብስ ሸራ ይዘን እንመጣለን፣ ከመሳፈሩ በፊት የሚበላ ውሻ የለም፣ አያስመልሰውም እያሉ ማግባባት። ቀድሞ ሄዶ ማየትም አለ፤ መዥገር የበዛበትን ሣር፣ የእረኛ ውሾች ዘለው የሚወጡበትን ማጠፊያ፣ ምንጩን፣ ቀትር ላይ መዳፍ የሚያቃጥለውን አለት። ያንን ሁሉ ብቻዬን ሄጄ አያለሁ፤ እኔና ይታያል። እነሱ የሚያውቁት መድረስ ብቻ ነው።

ዲና ኮኮ የምትባል ነጭ ውሻዋን ሹራብ አልብሳ፣ ታቅፋ ተራራ ትወጣለች። ኮኮ መሬት ረግጣ የምታውቅ አይመስለኝም። ይታያልን ደግሞ በስሙ ለመጥራት ታፍራለች፤ «ዮዮ» ትለዋለች። ስሙን የሰጠሁት ምድር ቤት በሚኖሩት በእትዬ ወለተማርያም ምክር ነው። ገና ቡችላ ሳለ ከቆሻሻው ገንዳ ጀርባ አንስቼው ስመጣ በር ላይ ተቀምጠው አዩኝና፣ «ውሻ ስሙ ለራሱ አይደለም፤ ለሰው ልትይ የፈለግሽውን ነው የምታወጪለት። ስትጠሪው ጠላትሽ ይሰማል» አሉኝ። ይታያል አልኩት። የካ አባዶ ሁሉ እየሰማ በቀን ስንቴ እንደምጠራው!

እዝራ ዛሬ ደወለ። መጀመሪያ ያወራኝ ስለ ካይዘር ነው፤ ደንግጦ አልበላ ብሏል። ካይዘር!

«ሳሚዬ፣ ገብቶሻል አይደል? እዚያ ሌላ አማራጭ አልነበረም።»

«የኔ ነው ማለት የት ሄዶ ነው?»

«እኔ እኮ የጸሎት ቤት ልጅ ነኝ። የኔ ነው ብላቸው፣ ጴንጤ ሆን ብሎ ውሻ ሰደደብን ነበር የሚሉት። አንቺ አንገትሽ ላይ ማተብ አለ። የራሳችን ልጅ ናት ብለው ይቅር ይሉሻል። ብለውሽማል።»

«የማን ቸርች ልጅ ነህ ብሎ ማን ጠየቀህ?»

«አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ሳሚ። ትችይዋለሽ።»

ሰው ሸክሙን ሊያስታቅፍሽ ሲያስብ መጀመሪያ ክንድሽን ያደንቃል። ዘጋሁበት።

ድምፁ ጎርንኖ ነበር። ተራራ ላይ ጃኬት ልበስ ሲባል መቼ ይሰማል።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ዲና ቪዲዮውን ለቀቀችው። ካይዘር የለበትም፤ ቆርጣ አውጥታዋለች። የሚታየው ቡናማው ውሻዬ ነው፣ ሰው ከቦት፣ እኔ ከጎኑ ተንበርክኬ። ሥሩ እንዲህ ይላል፤ «ከአንድ አባላችን ውሻ ጋር በተያያዘ ለተፈጠረው ነገር ጭራ ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚህ በኋላ ያልሠለጠኑ ውሾች በጉዞዎቻችን አይሳተፉም።»

ከመላው ስብስብ ቁጭ ሲባል ቁጭ የሚለው አንድ ውሻ ብቻ ነው። እሱ ተባረረ።

ከሰዓት በኋላ የሕንፃችን ኮሚቴ ሊቀ መንበር አቶ እሸቴ በሬን አንኳኩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ጡረታው ግን እሳቸው ዘንድ አልደረሰም። ደረጃ ላይ ሲያገኙሽ እንኳ በደብዳቤ የሚያነጋግሩሽ ይመስላል።

«እኅታችን፣ ነዋሪዎች ቅሬታ አቅርበዋል። ቤተ ክርስቲያን የገባ ውሻ በግቢያችን መኖሩ ተገቢ አይደለም የሚል ነው።»

«የገባው የኔ ውሻ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ የማን ነው?»

ለኮሚቴ የማንንም ስም አሳልፌ አልሰጥም። የመርሕ ጉዳይ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

«እግሩስ?» አሉ ሲሄዱ ዞር ብለው።

«ምን አገባዎት?» ልላቸው ነበር። «ደኅና ነው» አልኩ።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

እናቴ ከደሴ ደወለች። ቪዲዮው እዚያ ደርሷል። መብራት የማይደርስበት ቦታ ወሬ ይደርሳል።

«ቤተ ክርስቲያን የገባ ውሻ አልጋሽ ሥር አስተኝተሽ ትኖሪያለሽ? ሰውስ ምን ይላል?»

«አልገባም፣ እማዬ።»

«ያ የጴንጤው ልጅ ነው። እሱ ነው እንዲህ ያስደረገሽ።»

«እሱ ምንም አላደረገም» አልኳት።

እናቴ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ልክ ሆነች፤ እሱንም ነፈግኋት።

ሌላ ነገር። ሰሞኑን በሬ ላይ አጥንት የሚያስቀምጥ ሰው አለ። ንጹሕ፣ የተቀቀለ፣ በፌስታል። ይታያል ሊበላው ሲል ነጥቄ ጣልኩት። በዚህ ግቢ ውሻ ሲጠላ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ባለፈው ክረምት ጥበቃው ያሳደጋት ውሻ አረፋ ደፍቃ ሞታለች። እኔን አያታልሉኝም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

አጥንቱ ትናንት አልመጣም፤ ዛሬ ግን አለ። ጣልኩት።

እትዬ ወለተማርያም እኔና ይታያል ስናልፍ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። «እንደምን ዋሉ» አልኳቸው። «እግዜር ይመስገን» አሉ፣ ወደ ግድግዳው። ስሙን ያወጣሁት በሳቸው ቃል ነበር። ሰው እንዲህ ነው።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

እዝራን ቦሌ አንድ ካፌ አገኘሁት። የሄድኩት ፊት ለፊት ልነግረው ነው። አዲሱን ሸሚዜን የለበስኩት ሌላው ስላልታጠበ ነው።

ካፌው በር ላይ «ውሻ ይዞ መግባት ይቻላል» የሚል ተለጥፏል። ይታያልን ግን ጥበቃው ከደጅ መለሰው። «ይሄ እኮ የመንገድ ነው» አለኝ። «መጥቶ የነገረህ መንገዱ ነው?» አልኩት። ውስጥ ካይዘር ወንበር ላይ ተቀምጦ ኬክ ይልሳል። ውጭ ባለው ጠረጴዛ ተቀመጥን።

«ሳሚ፣ እውነቱን እኔ ራሴ እናገራለሁ። እምልልሻለሁ። ኅዳር ሰባት የላንጋኖው ጉዞ አለ። ሎጁ ስፖንሰር ሊያደርገን ነው። አሁን የካይዘር ስም ከተነሣ አለቀ። የማስታወቂያው ፊት እሱ ነው።»

«የይታያልስ ስም?»

«ማን ያውቀዋል?» አለ። ከዚያ የተናገረውን ሰማ መሰለኝ፣ እጄን ያዘ። «አንቺን የሚያውቅ ያውቅሻል ማለቴ ነው።»

እጄን ወዲያው አላወጣሁም። ብርድ ስለነበር ነው።

ከመለያየታችን በፊት የላንጋኖውን ዕቅድ ጠየቀኝ። መንገዱን፣ የት ወርደው ውሾቹን እንደሚያሸኑ፣ የሹፌሩን ስልክ። ከአባልነት ያስወጡኝ ሰዎች ጉዞውን እኔ እንዳዘጋጅላቸው ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለ ድፍረት ያላንዳች እፍረት ሲታይ ያስደንቃል።

ላክሁለት። ለውሾቹ ብዬ ነው። እነሱ ምን አጠፉ። ሹፌሩ ግን ሸራ ካልተያዘለት ይቆጣል፤ ጅቡም በዚያ በኩል ሲመሽ ቅርብ ነው፤ ሁሉንም ጻፍኩለት። «ጀግና ነሽ» ብሎ መለሰልኝ፣ ከልብ ምልክት ጋር። ያንን ልብ ለዲናም፣ ለሎጁ ሥራ አስኪያጅም ይልካል።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ምንም የለም። ለይታያል ፋሻ ቀየርኩ። በረንዳ ላይ ሆነን ከየካ ኮረብታ ጀርባ ፀሐይ ስትጠልቅ አየን። ያም ጉዞ ነው።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ኮሚቴው ወሰነ። ውሻው እስከ ወሩ መጨረሻ ይውጣ። አቶ እሸቴ ቆመው ነገሩኝ፤ ቁጭ ይበሉ ብላቸው እምቢ አሉ።

«የት ላድርሰው?»

«ለዘመድ፣ ገጠር ለሚኖር...»

«ዘመዶቼም ቪዲዮውን አይተዋል፣ ጋሼ።»

ዘበኛ ሊሆን የሚችልበት ቦታ ያጠያይቃሉ አሉ። ግንባታ ላይ፣ በሰንሰለት። ይታያል በሰንሰለት! አልጋዬ ሥር ያደገ፣ ሰንዳፋ ያለ ጅረት ሁሉ የሚያውቀው ውሻ። የጮኽኩት በዚህ ቃል ነው፤ «እንዲታሰር ከሆነ መጀመሪያ የካ አባዶን ሁሉ እሰሩ!» ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሁሉ በር ከፈቱ። ለቲያትር ሲሆን መብራት አይጠፋም።

ለእዝራ ጻፍኩ፤ «ሊያስወጡት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገር።»

«ከላንጋኖ በኋላ። ቃሌ ነው።»

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

አጥንት። ጣልኩት። ረቡዕና ዓርብ ዝር አይልም። ጾም የሚያከብር መርዘኛ!

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

የይታያልን ፋሻ ለማስፈታት ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ከጭራ አባላት አንዱ፣ ኢዩ የሚባለው፣ ላብራዶሩን ይዞ ጀርባዬ ተቀምጧል። አላየኝም። በስልክ ያወራል።

«ኧረ ተወኝ ባክህ። ሹፌሩ ሸራው የታለ ብሎ ዝዋይ ላይ ሊያወርደን ነበር። ማንም ሸራ አልያዘም። ውሾቹ በልተው ነው የተሳፈሩት፤ መኪናው በሙሉ ትውኪያ። ኮኮን መዥገር ወረራት፣ ዲና ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች... አይ፣ የባሰው እሱ አይደለም። ካይዘር የአንዲት ሴትዮ ፍየል ነከሰ። ሴትዮዋ እየጮኸች መጣች፤ እዝራ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹የኛ ውሻ አይደለም።› ውሻው እኮ እግሩ ሥር ቆሞ ጭራውን ይቆላል!»

ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ኢዩ ዞሮ አየኝና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሳምራዊት... አንቺ ብትኖሪ እኮ...»

«እኔ ብኖር ፍየሉን የነከስኩት እኔ እሆን ነበር» አልኩት።

ቤት እስክደርስ እየሳቅሁ ነበር። በሩን ስዘጋ ነው ያቆምኩት። እኔ እስከ ዛሬ፣ እዝራ እዚያ ተራራ ላይ ለእኔ የተለየ ነገር አስቦ ነው የሚል ነገር ውስጤ ነበር፤ ማተቤ ምናምን ያለው። ፍየልም ቢሆን ያው ነው። አፉ የለመደው ነው።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ጥድፊያ። ነገ የሚካኤል ንግሥ ነው። እዚያው መንደር እሄዳለሁ። ቄሱን ይዤ መጥቼ ኮሚቴው ፊት አቆማለሁ። ከቪዲዮው በኋላ የማውቃቸው ሹፌሮች ሁሉ ስልኬን አላነሡም።

አቶ እሸቴ ሰምተዋል። እዚህ ግቢ የማይሰማ የለም። «ቄስ ከንግሥ ላይ አይመጣም። ኮሚቴው በአካል ተገኝቶ ማጣራት አለበት። በወሬ መወሰናችን የአሠራር ክፍተት ነበረው» አሉኝ። በቮልሳቸው ይወስዱኛል። ውሻውም መምጣት አለበት፤ «ተከሳሽ በሌለበት አይታይም» ብለው ነው።

ሰውየው ያበሳጩኛል። መገበሪያ ስንዴና ዘቢብ ገዛሁ። የጥፋት ካሣ አይደለም። ስንዴያቸው ተበላሽቷል፤ ስንዴ ስንዴ ነው።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ጠዋት ከተማው በሙሉ ይጨስ ነበር። ኅዳር ሲታጠን ሰው ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ በሽታው ከከተማ እንዲወጣ። የኛ ግቢ የሰው ስም ለማቃጠል ግን ወር አይጠብቅም።

አቶ እሸቴ ከረባት አድርገው፣ በላዩ ነጠላ ደርበው መጡ። ይታያልን ከኋላ ጆንያ ላይ አስቀመጥኩት። «አልበላም፤ አያስመልሰውም» አልኳቸው። «ተመዝግቧል» አሉ። ለገዳዲን ስናልፍ ጭሱ ቀረ፤ እሳቸውም መስኮቱን ከፈቱለት። ጭንቅላቱን አውጥቶ ጆሮው በነፋስ ሲርገበገብ በመስተዋት ያዩታል። «ወንበሩን እንዳይልስ» ይላሉ፤ መስኮቱን ግን አልዘጉም።

ይታያልን ታች፣ ጅረቱ ዳር፣ ከአጥሩ ርቆ ባሕር ዛፍ ሥር አሰርኩት። ያን ቀንም መሆን የነበረብን እዚያ ነበር። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ መበተን ሲጀምር ቄሱን አገኘናቸው። መገበሪያውን ሰጠሁ፤ ተሳልሜ ቆምኩ።

«ያችው ልጅ ነሽ» አሉ።

«ነኝ፣ አባ። የመጣሁት ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ቤተልሔም የገባው የኔ ውሻ አልነበረም።»

«እናውቃለን» አሉ።

እንዲሁ። እናውቃለን!

አቶ እሸቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቅርታ አባታችን፣ ለማጣራት ያህል፤ እንዴት አወቃችሁ?»

«ዲያቆኑን የጣለው ጀርባው ጥቁር፣ ጥጃ የሚያህል ውሻ ነው። አፍንጫው ዱቄት እንደሆነ ወጣ። ያ ቡናማው ከእግሯ ሥር አልተነሣም።»

«ታዲያ ዝም ያላችሁት ለምንድን ነው?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሰዎች ዞሩ።

«ልጄ፣ የማን ነው ብለን ጠየቅን። ወጣቱ የሷ ነው አለ። እሱን ትተን ወዳንቺ ዞርን፤ አንቺን ጠየቅን። አዎ፣ የኔ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ። ሰው ፈቅዶ የተሸከመውን እኛ እንዴት እናውርድለት?»

ሰውየው ብዙ ያወራሉ።

ከዚያ ሕፃን ያቀፈች ሴት ሰው ገፍታ መጣች። ያችው ናት፤ ስሟ አዝመራ ነው። ያን ዕለት ልጇ ሰማንያ ቀኗ ነበር፤ ክርስትና የምትነሣበት። ዘመድ ከሩቅ ተጠርቷል፣ ጠላው ተጠምቋል፤ ኅብስቱ ረክሶ ቅዳሴው ሲቀር ልጂቱ ሳትቆርብ፣ ክርስትና ሳትነሣ ተመለሰች። በኋላ ተነሣች፤ ግን በቀኗ አይደለም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝና፣ «የውሻሽ እግር ዳነ?» አለችኝ።

«ያነክሳል።»

«እኔ ነኝ የወረወርኩበት።»

«የገባው ትልቁ እንደሆነ አላየሽም?»

«አይቻለሁ እንጂ።»

«እና?»

«ትልቁንማ ማን ይደፍረዋል? ይናከሳል» አለች፣ በጣም ቀላል ነገር እንደጠየቅኋት ሁሉ። «ይሄኛው ቁጭ አለልኝ።»

ልሰድባት አፌን ከፈትኩ። ስድብ አጥቼ አላውቅም። ቁጭ አለልኝ! ሕፃኗ ጣቴን ጨብጣ ነበር፤ ቀስ ብዬ አስለቀቅሁ።

አዝመራ ከድግሱ ዳቦ ቆርሳ ጅረቱ ድረስ ወረደች። ይታያል እጇን አሸተተና በላ፤ ጭራውንም ቆላላት። ኩራት የሚባል ነገር የለውም። ከማን እንደተማረው አላውቅም።

ስንመለስ አቶ እሸቴ በመስተዋቱ ይታያልን ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ፣ «ቅሬታው ውድቅ ይሆናል» አሉ። «ቢሆንም ፀጉሩ ደረጃው ላይ ይረግፋል። እሱ ሌላ አጀንዳ ነው።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ግን ልጄ፣ ለምን አዎ አልሻቸው?» አሉኝ።

መስኮቱን ከፈትኩ። ከተማው ደርሰን ስለነበር ጭስ ገባ። ዘጋሁት።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

እዝራ ዛሬ የካ አባዶ መጣ። ከተዋወቅን ጀምሮ እዚህ ረግጦ አያውቅም፤ ሩቅ ነው ይላል። ላንጋኖ ግን ቅርብ ነበር። ሲመጣ በጉርድ ሾላ በኩል ስለነበረው መጨናነቅ ነገረኝ፤ እኔ በየቀኑ የማልፍበትን መንገድ ከጦርነት እንደተመለሰ ሰው ይተርክልኛል። ግቢው ውስጥ ቆመን አወራን። ወደ ላይ ና አላልኩትም።

«ለገና ሌላ ጉዞ አለ፣ ሳሚ። ያላንቺ አይሆንም። ሁሉም ተስማምቷል። ዲናም። ይታያልም ይምጣ።»

«ስሙን ታውቀዋለህ ለካ።»

«በቃ ያለፈው አለፈ።»

«እሺ። ነገ አብረን እንሂድ። ቄሱ ፊት ቁም። አዝመራ የምትባል ሴት አለች፣ እሷም ፊት ቁም። ‹የኔ ውሻ ነው፣ የፈታሁትም እኔ ነኝ› በል። የትኛው ቸርች እንደምትሄድ ማንም አይጠይቅህም። ስንመለስ ቪዲዮውን ከነካይዘር ትለቀዋለህ።»

መሬት መሬት አየ። ከዚያ ያንን ፈገግታውን አወጣ፤ ሹፌርንም ጥበቃንም የሚያግባባበትን። እኔንም። «አሁን እኮ ነገሩ ተረሳ። እንደገና ማንሣቱ ለማን ይጠቅማል? ደግሞ አንቺን ይቅር ብለውሻል። አንቺ እኮ...»

«ትችይዋለሽ ልትል ነው?»

ልጁ ያምራል። ይህን መጻፍ አያሳፍረኝም፤ ጥሩ አድርጎ የተሠራ ባዶ ጣሳም ያምራል።

ይታያልን በስሙ ጠራሁት፣ ግቢው እስኪያስተጋባ። ከጥግ ተነሥቶ እያነከሰ መጣ። እዝራ ሊዳብሰው እጁን ዘረጋ፤ ይታያል አልፎት እኔ ጋ መጣ። ከፍ ብሎ የሆነ መስኮት ተከፈተ። እትዬ ወለተማርያም በራቸው ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ይሰሙ ነበር፤ ነጠላቸውን አልሰበሰቡም።

እዝራ ሄደ። ደረጃውን ስወጣ በሬ ላይ ያለውን አየሁ። ትናንት የነቢያት ጾም ገብቷል። አጥንት የለም፤ በጎድጓዳ ሳህን የሽሮ ፍትፍት ነው፣ ሳህኑም ጠርዙ ላይ ሰማያዊ አበባ አለበት። እትዬ ወለተማርያም ባለፈው ፋሲካ በዚሁ ሳህን ዶሮ ወጥ ልከውልኝ ነበር።

ይታያል አየኝ። ብላ አልኩት።

ለገና እኔና እሱ ብቻችንን እንሄዳለን፤ በታችኛው መንገድ፣ በጅረቱ ዳር። አቶ እሸቴ ቮልሱ መንገድ ካላየ ባትሪው ይሞታል ብለዋል።

ከእንግዲህ የማልቀበለውን ደግሞ እዚህ ላስቀምጥ። ይቅር እባላለሁ ተብሎ የሌላ ሰው ጥፋት እንዲሰጠኝ አልቀበልም። ጠንካራ ነሽ የሚለኝን ሰው እንደ ዘራፊ ነው የማየው። ማሰሪያውን ለፈታ ሰው ሸራ አላነጥፍም፣ መንገድ አላወጣም። ይታያልን ማንም ዮዮ አይለውም። አዎ ማለትም በቃኝ። ድንጋይ ሲነሣ አጠገቤ ቁጭ እንዲል ያስተማርኩትን ከነገ ጀምሮ አስረሳዋለሁ።